የምሥጢር ጥበቃ ላይብረሪን ከምንጩ ስለ መገንባትና ስለ መጫን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በጎንደር ከተማ የቀረበ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች ከሙያችን አንድ ጉዳይ መርጬ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ትልልቆቹ አርእስት ነበር። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ስለ ተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ፣ ወይም በባንኮቻችንና በሆስፒታሎቻችን ስለ ገባው የኮምፒዩተር አሠራር መናገር ይቻል ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ እንደ ፋሲል ግንብ ከሩቅ የሚታዩ ሕንጻዎች ናቸው። ከሩቅ የሚታየው ድንጋዩ ነው፤ ድንጋይን ከድንጋይ ያያያዘውን ኖራ ግን ቀርቦ የመረመረ ካልሆነ በቀር ማንም አያስተውለውም። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ኖራው ነው። ይኸውም የምሥጢር ጥበቃ ላይብረሪን ከምንጭ ጽሑፉ አንሥቶ ስለ መገንባት፣ ስለ መፈተንና በኮምፒዩተር ላይ ስለ መጫን ነው።

በመካከላችን ከሌላ የሙያ ክፍል የመጡ ስላሉ ቃሎቹን ባጭሩ ልግለጽ። ላይብረሪ የምንለው ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚገለገሉባቸው ተዘጋጅተው የተቀመጡ የሥራ ክፍሎች ስብስብ ነው። የምሥጢር ጥበቃ ላይብረሪ ደግሞ ጽሑፍን የሚያመሰጥሩ፣ ፊርማን የሚያረጋግጡና በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል የሚተላለፈውን መልእክት ከሦስተኛ ወገን የሚሸሽጉ ክፍሎችን የያዘ ነው። ምንጭ ጽሑፍ ወይም ሶርስ ኮድ የሚባለው ሰው ጽፎት ሰው ሊያነበው የሚችለው መልክ ሲሆን፣ ኮምፓይለር የተባለው ፕሮግራም ይህን ተቀብሎ ወደ መኪናው ቋንቋ ይመልሰዋል። ክፍት ምንጭ ማለትም ይህ ጽሑፍ ለማንበብም፣ ለማረምም፣ ለማካፈልም ለሁሉ የተፈቀደ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «ምሥጢር የሚጠበቅበት ዘዴ ለሁሉ ከተገለጠ ምኑ ምሥጢር ሆነ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከልጅነታችን ማግኘት እንችላለን። ልጆች ሳለን በየቃሉ መካከል ድምፅ እየሰነቀርን የወፍ ቋንቋ እንነጋገር ነበር። ታላላቆቻችን ያልገባቸው መስሎን ደስ ይለን ነበር። ነገር ግን አንድ ልጅ የአሰነቃቀሩን ሥርዓት የደረሰበት ዕለት ምሥጢራችን ሁሉ አበቃ። የወፍ ቋንቋ ምሥጢሩን ያስቀመጠው በዘዴው ላይ ነውና ዘዴው ሲታወቅ የሚተርፈው ነገር የለም። ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባሉ የኔዘርላንድ ተወላጅ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1883 ይህንን ጉዳይ በሥርዓት አስቀምጠውታል። እንደ እርሳቸው አስተሳሰብ፣ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ቁልፉ እስካልተገኘ ድረስ ምሥጢሩ መጠበቅ አለበት። የዘመናችን የምሥጢር ጥበቃ ሁሉ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ዘዴው በአደባባይ ይመረመራል፤ ተሰውሮ የሚቀመጠው ቁልፉ ብቻ ነው።

በአደባባይ መቀመጡ ብቻውን ግን መመርመሩን አያረጋግጥም። ይህን ለዓለም ያስተማረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2014 የተገለጠው «ሃርትብሊድ» የተባለው ጉድለት ነው። ኦፐን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው በሰፊው በሚሠራበት ላይብረሪ ውስጥ፣ አንድ ኮምፒዩተር ለሌላው «በሕይወት አለህን?» ብሎ ለመጠየቅ የሚልከው አጭር መልእክት ነበር። ጠያቂው የላከውን ቃልና የቃሉን ርዝመት ይናገራል፤ ተጠያቂውም ያንኑ ይመልሳል። ላይብረሪው ግን የተነገረው ርዝመት እውነተኛ መሆኑን አይመረምርም ነበር። ስለዚህ አንድ ቃል ልኮ «64 ኪሎባይት ነው» ያለ ሁሉ፣ ከተጠያቂው ኮምፒዩተር ማስታወሻ ያንኑ ያህል ይቀዳለት ነበር፤ በዚያም ውስጥ የይለፍ ቃልና የምሥጢር ቁልፍ ሊገኝ ይችል ነበር። ጉድለቱ ወደ ሥራ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ዕትም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በር ክፍት ሆኖ ቆየ ማለት ነው።

ኦፐን ቢ ኤስ ዲ የተባለውን ሥርዓት የሚሠሩት ባለሙያዎች በዚሁ ወር የላይብረሪውን ምንጭ ገልብጠው ሊብረ ኤስ ኤስ ኤል ብለው የሰየሙትን የራሳቸውን ቅርንጫፍ ጀመሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 90,000 የሚያህሉ የሲ ቋንቋ መስመሮችን ማስወገዳቸውን ገልጸዋል። በሐምሌ ወር እ.ኤ.አ. 2014 ደግሞ ከራሳቸው ሥርዓት ውጭ በሊኑክስና በሌሎችም ላይ ሊገነባ የሚችለውን «ተንቀሳቃሽ» ዕትም አወጡ።

ይህ «ተንቀሳቃሽ» የሚለው ቃል ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ከደጋ የመጣ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ በአገሩ ያለ ሐሳብ የሚያገኘውን ነገር ሁሉ በዚያ አያገኝም፤ ስንቁን ይዞ መሄድ አለበት። ተንቀሳቃሽ ላይብረሪም እንዲሁ ነው። በትውልድ ሥርዓቱ ላይ የሚያገኛቸው አንዳንድ አገልግሎቶች በሌላው ሥርዓት ላይ ስለማይገኙ ምትካቸውን ይዞ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል፣ ቁልፍ ለመፍጠር የማይገመት ቁጥር የሚያመነጭ ክፍል ያስፈልገዋል። እንዲሁም ሥራው ያበቃለትን ቁልፍ ከማስታወሻ ላይ በእርግጥ የሚያጠፋ ክፍል ያስፈልገዋል። ይህን የኋለኛውን እንደ ቀላል ማየት አይገባም። ኮምፓይለሩ ሥራ ለማቅለል ሲል «ይህ ቦታ ከእንግዲህ ስለማይነበብ ማጥፋቱ ከንቱ ድካም ነው» ብሎ የማጥፋቱን ትእዛዝ ሊዘለው ይችላል፤ ቁልፉም በማስታወሻው ላይ እንደ ተጻፈ ይቀራል። ተንቀሳቃሹ ዕትም ይህ እንዳይሆን ተጠንቅቆ የተሠራ ምትክ አለው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደባርቅ ከተማ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሕሙማንን መዝገብ በየጊዜው ወደ ጎንደር ያስተላልፍ ነበር። ኮምፒዩተሩ ያረጀ፣ የተጫነበትም ሊኑክስ እርማት የሚወጣለት ዘመን ያለፈበት ነበር። የያዘው ኦፐን ኤስ ኤስ ኤል በ0.9.8 ቁጥር የሚታወቀው ዕትም ሲሆን፣ በጎንደር ያለው ሰርቨር ለደኅንነት ሲባል አዲሱን የመልእክት ሥርዓት ብቻ መቀበል በጀመረ ጊዜ ሁለቱ መግባባት ተሳናቸው። አዲስ መኪና የሚገዛበት በጀት አልነበረም። ስለዚህ ላይብረሪውን ከምንጩ ገንብቼ እንድጭን ተላክሁ።

ምንጩን በጎንደር ሳለሁ በፍላሽ ዲስክ ይዤ ነበር፤ የታሸገው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለ ሆነ ለመያዝ አያስቸግርም። የመጀመሪያው ተግባር ጥቅሉን መመርመር ነው። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ገልብጦ ሲጨርስ ቅጂው ከእናት መጽሐፉ ጋር ሳይመሳከር ወደ አገልግሎት አይገባም። የእኛ ማመሳከሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኤስ ኤች ኤ 256 የተባለው የጥቅሉ አሻራ ሲሆን፣ ከጥቅሉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ይለወጣል። ሁለተኛው የሠሪዎቹ ፊርማ ነው። ብዙዎቻችን አሻራውን ብቻ አይተን እንረካለን። ነገር ግን አሻራውን ያገኘነው ጥቅሉን ከወሰድንበት ከዚያው ቦታ ከሆነ፣ ጥቅሉን የለወጠ ሰው አሻራውንም ለውጦት ሊሆን ይችላል። አሻራ በመንገድ ላይ አለመበላሸቱን ይነግረናል፤ ማን እንደ ሠራው የሚነግረን ፊርማው ነው። ፊርማውን የምናረጋግጥበትን የአደባባይ ቁልፍም በሌላ መንገድ፣ በሌላ ጊዜ አግኝተን ማስቀመጥ ይገባናል።

ጥቅሉ ከተፈታ በኋላ የሚከተለው «ኮንፊገር» የተባለው ትእዛዝ ነው። ይህ ስክሪፕት ኮምፒዩተሩን እየዞረ ይመረምራል፤ ኮምፓይለር አለህን፣ ይህ አገልግሎት አለህን እያለ ይጠይቃል፤ የጎደለውንም ከያዘው ስንቅ ለመተካት ያዘጋጃል። በደባርቅ ግን ገና ጉዞውን ሲጀምር ቆመ። አሁን የፈጠርሁት ፋይል ከጥቅሉ ፋይሎች በዕድሜ ይበልጣል፤ ሰዓትህን ተመልከት የሚል መልእክት ሰጠኝ። ሰዓቱን ተመለከትሁ፤ ትክክል ነበር፣ ደቂቃውም አልተዛነፈም። ግማሽ ቀን ከደከምሁ በኋላ ዓመተ ምሕረቱን አየሁ። የኮምፒዩተሩ ትንሽ ባትሪ ስለ ሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይጠፋ ነበር፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም ኮምፒዩተሩን በከፈቱ ቁጥር ቀኑን በግድግዳው ላይ ካለው ከራሳችን የቀን መቁጠሪያ እያዩ ይሞሉት ነበር። ኮምፒዩተሩ በኢትዮጵያ ዘመን ሲኖር፣ ከእጄ ያለው ጥቅል የተሠራው ለእርሱ ገና በማይደርስ ዓመት ነበር።

ይህ ነገር የሚያስቅ ቢሆንም ቁም ነገር አለው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒዩተር ግንባታውን ብቻ አይደለም የሚያሰናክለው። የሰርቨሮችን ማንነት የሚያስረዳው የምስክር ወረቀት የመነሻና የመድረሻ ቀን ስላለው፣ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ትክክለኛውን ወረቀት «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ የቸገረው ሠራተኛ ማስጠንቀቂያውን እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ ጥበቃው በዚያ ያበቃል። ስለዚህ በማንኛውም መሥሪያ ቤት ይህን ሥራ ስትጀምሩ ከሁሉ አስቀድማችሁ ዓመተ ምሕረቱን ተመልከቱ።

ቀጥሎ «ሜክ» በተባለው ትእዛዝ ግንባታው ተጀመረ። በመካከሉ መብራት ጠፋ። ሜክ ያለቀውን ትቶ ከቀረው እንደሚቀጥል ይታወቃል፤ ነገር ግን መብራቱ ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ግማሹ ብቻ ተጽፎ፣ እንዳለቀ ተቆጥሮ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው የተጀመረውን ሁሉ አጽድቶ እንደ ገና መጀመር ነው። እኔም እንዲሁ አደረግሁ።

ከዚያ «ሜክ ቼክ» መጣ፤ ይህም ፈተናው ነው። ፈተናው መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄዎችን ለላይብረሪው ያቀርባል፤ ይህ ጽሑፍ በዚህ ቁልፍ ሲመሰጠር ይህን መስጠት አለበት እያለ ያመሳክራል። ባልደረቦቼ ሆይ፣ ጊዜ ቢያጥር ሌላውን ዝለሉ እንጂ ይህን አትዝለሉ። የደመወዝ ፕሮግራም ቢሳሳት ሠራተኛው ራሱ መጥቶ ይነግራችኋል። የተመሰጠረ ጽሑፍ ግን ትክክልም ሆነ ስሕተት ለዐይን ያው ትርጉም የሌለው ፊደል ነው። ስሕተቱ የሚታወቀው የሚጎዳው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

ፈተናው በደኅና አለፈ። «ሜክ ኢንስቶል» አልሁና ከሥርዓቱ ፋይሎች በተለየ ማውጫ ጫንሁት፤ እስከዚህ ድረስ ሥራዬ የሚያሳፍር አልነበረም። ወደ ጎንደር ከተመለስሁ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች አሁንም አሮጌውን ላይብረሪ እንደሚጠሩ ተረዳሁ። ትክክለኛው መንገድ እነዚህን ፕሮግራሞች በአዲሱ ላይብረሪ እንደ ገና መገንባት ነበር። እኔ ግን ቸኮልሁ። ከጎንደር ሆኜ በኤስ ኤስ ኤች ገብቼ፣ በአሮጌው ላይብረሪ ስም አዲሱን የሚያመለክት ማያያዣ አኖርሁ። ስሙ የአሮጌው፣ ውስጡ የአዲሱ ሆነ። ከዚያም ግንኙነቱን ዘጋሁ። ተመልሼ ልግባ ባልሁ ጊዜ ኮምፒዩተሩ አልተቀበለኝም። የመግቢያው አገልግሎት ራሱ የተገነባው በአሮጌው ላይብረሪ ላይ ስለ ነበር፣ በዚያ ስም ያገኘው ሌላ በመሆኑ መሥራት እንቢ አለ። በሩን በራሴ ላይ ዘጋሁት።

በማግስቱ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሬ 100 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል እንደ ገና ሄድሁ። ማያያዣውን አንሥቶ ነገሩን ወደ ነበረበት መመለስ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ነገር ግን የመጣው ጉዳት ከኮምፒዩተሩ ውጭ ነበር። መስመሩ በተቋረጠበት ቀን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሪፖርቱ እንዳይዘገይ በማሰብ፣ የሕሙማኑን ስምና የሕመማቸውን ዓይነት ሳይመሰጠር በፍላሽ ዲስክ ገልብጠው ለአውቶቡስ ረዳት ሰጥተው ልከውት ነበር። እኔ በአንዱ አውቶቡስ ስወጣ መዝገቡ በሌላው አውቶቡስ ይወርድ ነበር ማለት ነው። ፍላሹ ጎንደር የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። በመካከሉ በማን እጅ እንደ ቆየ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሴትዮዋን ስለ ነገሩ ብጠይቃቸው የመለሱልኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ በሩን የዘጋችሁት እናንተ፤ እኔ በመስኮት ብወጣ ምን ይደንቃል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። በትልቅ ከተማ ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። በደጋው በየትንሹ ከተማችን ግን የሰው ስም ከነአባቱ ከነሰፈሩ ይታወቃል። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስሙ ከወጣ፣ ትዳሩንም ጎረቤቱንም ሊያጣ ይችላል፤ ይህን ፈርቶ መድኃኒቱን መውሰድ ሊያቆምም ይችላል። በዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲያችን የሕዝብና የጤና ክትትል ሲያካሂድ የኖረው ቤተሰቡ በሩን ከፍቶ ልደቱንም ሞቱንም ስለ ነገረ ነው። ይህ እምነት አንድ ጊዜ ከተሰበረ በአዲስ ዕትም አይተካም። ሕጉም ከእኛ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ኀላፊነት ጥሎበታል።

እንግዲህ ሁሉን ከምንጩ እንገንባ ማለቴ ነውን? አይደለም። እርማት የሚወጣለት ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት በሥርዓቱ አዘጋጆች የቀረበውን ዝግጁ ላይብረሪ ቢጠቀም ይሻለዋል። ከምንጩ የገነባ ሰው ለወደፊቱ የሚወጣውን እርማት ሁሉ ራሱ እየተከታተለ እንደ ገና ለመገንባት ቃል ገብቷል፤ ይህን ቃል የማይጠብቅ ባይጀምረው ይመረጣል። ለዝግጁው መታመን ግን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያን ለተባለው የሊኑክስ ስርጭት ኦፐን ኤስ ኤስ ኤልን የሚያዘጋጁ ሰዎች የማስጠንቀቂያ መልእክት ለማስወገድ ሲሉ ሁለት መስመሮችን አጠፉ። ከእነዚህ አንዱ የማይገመተውን ቁጥር የሚመግበው ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ልዩነት የፕሮግራሙ መለያ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከ32,768 አይበልጥም ነበር። ስሕተቱ እስከተገለጠበት እስከ 2008 ድረስ በዚያ የተፈጠሩ ቁልፎች ሁሉ ተቆጥረው የሚያልቁ ሆኑ።

ከምንጩ መገንባትም በራሱ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መጨረሻ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ መሐንዲስ በኤስ ኤስ ኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውለው ነገሩን ሲከታተሉ፣ ኤክስ ዜድ በተባለው የፋይል ማሸጊያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኙ። ተንኮሉን የሚያስነሣው ስክሪፕት በአደባባይ በሚታየው ምንጭ ውስጥ አልነበረም፤ ለግንባታ በታሸገው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ጥቅሉም በፕሮጀክቱ ኀላፊነት በነበረው ሰው የወጣ ስለ ሆነ ፊርማ ብቻውን አያድንም ነበር። ኬን ቶምፕሰንም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ንግግራቸው፣ ምንጩ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የተበላሸ ኮምፓይለር ተንኮል ሊጨምርበት እንደሚችል አሳይተዋል። ታዲያ የሚቀረን ምንድን ነው? የሚቀረን ሥራውን የሚያውቅ፣ የግማሽ ሰከንድ ለውጥ የሚያስተውልና ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ከምንጩ መገንባትን መማር የሚጠቅመን ከሁሉ በላይ እንዲህ ያለውን ሰው ስለሚያፈራ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በክልላችን በ2015 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን ሁላችንም እናስታውሳለን። የሚያስፈልገንን ከውጭ ማውረድ የማንችልበት ቀን ዳግም ቢመጣ እንዳንቸገር፣ የተመረጡ ላይብረሪዎች ምንጭ ከነፊርማቸውና ከአደባባይ ቁልፋቸው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ይታደስ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ግንባታ በየትኛው ዕትም፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ትእዛዝ እንደ ተሠራ፣ ፈተናውም ምን እንደ መለሰ በአማርኛ ይመዝገብ። እኔ በደባርቅ የሠራሁትን ስሕተት ያን ጊዜ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሌላው ባልደረባዬ በዓመቱ አይደግመውም ነበር። ሦስተኛ፣ መስመር ሲቋረጥ ሠራተኛው የሚጠቀምበት የተመሰጠረ ሁለተኛ መንገድ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ላይብረሪ ልንጭን በሄድንበት መሥሪያ ቤት ሁሉ በመዝገብ ቤቱ ያለውን ሰው አጠገባችን አስቀምጠን ይህን መንገድ እናስተምር።

ከሁሉም የምታስታውሱልኝ ይህን የመጨረሻውን ቢሆን ደስ ይለኛል። የጫንሁት ላይብረሪ ፈተናውን ሁሉ አልፎ ነበር። ያልተፈተንሁት እኔ ነበርሁ። የሕሙማኑ ስም በአውቶቡስ የተጓዘው በላይብረሪው ጉድለት አልነበረም፤ እኔ ቸኩዬ በሩን ስለ ዘጋሁና ለእኒያ ሴት ሌላ በር ስላላሳየኋቸው ነው።